ከመቅደስ የማይወጣው ወንጌል

ዋንዛ ገበያ፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐምዱ አብዱልአሊም
ባሕር ዳር

እንደምን ሰነበትህ ሐምዱ? እንዲህ ብዬ ስጀምር ብዕሩ እጄ ላይ ከበደኝ። ሱቁ የተቃጠለበትን ሰው፣ ያውም የእኛው ልጆች አቃጥለውበት፣ እንደምን ሰነበትህ ማለት ፌዝ ይመስላል። ግን ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጀመር አባቶቻችን አላስተማሩንምና እንደ ፌዝ አትቁጠርብኝ። ልጅህ ሳጂዳስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ጊዜ ደውለህ ያላነሣሁት ጆሮዬ ደክሞ ነው ብለህ እለፈው።

ባለ ባጃጁ ምስጋናው መልእክትህን አድርሶኛል። ስለ ሰልማ መቃብር ለጠየቅኸኝ፣ ደኅና ነው። የመካነ መቃብሩ አጥር እንደ ነደደ ቀርቷል፤ የእሷን ድንጋይ ግን ማንም አልነካውም። እኔው ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። ከብት እንዳይረግጠው እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን አጠርሁለት። ነፍሷን ይማርና ባለቤትህ በደጇ ሳልፍ ሳታስቀምጠኝ የማትለቀኝ ሴት ነበረች፤ አሁን እኔ እሷ ደጅ ተቀምጬ ነበር።

መንግሥት ምን አደረገ ላልኸው፣ ኸረ ብዙ ተደርጓል። ያን የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ መስጊዱና ሱቆቹ ነደው ካለቁ በኋላ፣ ወታደር በሦስት መኪና መጣ። ሰባ ያህል ልጅ ታፈሰ፤ ከአምስቱ በቀር ሁሉም ተፈታ። ማን እንዳቃጠለ የሚመሰክር ጠፋ። ባለፈው እሑድ ደግሞ የሰላም ኮንፈረንስ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ የታሸገ ውሃ በየወንበሩ ተደረደረ። እኔንም ከፊት አስቀመጡኝ። መስጊዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መልሶ ይሠራል ተብሏል።

ምስጋናው «ሌላም ጥያቄ አለው» ብሎኛል። ስለ መጽሐፉ የጠየቅኸኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ሁዳዴ ሊገባ ነውና የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ በዝቶብኛል።

ወንድምህ ቄሰ ገበዝ ይታያል


ባሕር ዳር፣ የካቲት 26 ቀን 2015

ለአባ ይታያል

ጤና ይስጥልኝ አባ። የምጽፍልዎ እኔ ሳጂዳ ነኝ። አባቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ መልሺለት ግን አላለኝም። ከራሴ ነው የምጽፈው። ድፍረት ካለበት የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ለእናቴ ስላጠሩላት እሾህ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

አባቴ ታሟል። ኩላሊቱ ነው። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ሐኪሙ የጻፈውን ራሴ አነበብኩት፤ የሚያጽናናኝ ሰው እንኳ ጊዜ አላገኘም። ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም። እሱም ያውቃል። ስለ ሱቁ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰልማ ጎን ቅበሩኝ።»

በዚህ ምክንያት ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ወረዳ ሄጄ ነበር። እርስዎን ሳልጠይቅ በመመለሴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በተቃጠለው መንገድ ማለፍ አቃተኝ። ወረዳው ምን አለኝ መሰለዎ? «ቦታው በታኅሣሥ በኮሚቴ ውሳኔ ለጥምቀተ ባሕር ተከልሏል። ቀብር አይቻልም። ቅሬታ ካላችሁ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ሰነድ አቅርቡ።» ሰነድ! አያቴ፣ አክስቶቼ፣ እናቴ እዚያ ተኝተዋል። ሙታን ሰነድ አይሆኑም እንዴ?

ስመለስ አባቴ ስለ ወንጌሉ ነገረኝ። በ1958 አያቴ ለዋንዛ ሚካኤል የመቅደስ መጋረጃ ሸምኖ ሲሰጥ፣ ያኔ ገበዝ የነበሩት አባትዎ መቃብሩን ለሙስሊሞች ሰጥተው፣ በወንጌሉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ በእጃቸው እንደጻፉት፣ አያቴም ጣቱን እንዳተመበት። አባቴ ያኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ በዓይኑ አይቷል።

ታዲያ አባ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ቅጠሉ አለ ወይስ የለም? የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ «ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የቀረበ ሰነድ የለም» ይላል። ሲጠይቁዎ ምን ብለው መለሱ?

ሳጂዳ ሐምዱ


ዋንዛ ገበያ፣ መጋቢት 10 ቀን 2015

ልጄ ሳጂዳ፣ እንደምን አለሽ? ሐምዱስ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በየቀኑ እጀምርና እቀደዋለሁ። አንዱን አራት ገጽ ጽፌ ሳነበው ስለ ዝናቡ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ዛሬ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ቅጠሉ አለ። የአባቴ የመሪጌታ አካለ ወልድ ጽሕፈት የትናንት ይመስላል፣ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ የአያትሽም አውራ ጣት ከጎኑ ጥቁር ብሎ ይታያል። «ከወይራው እስከ ጅረቱ ያለው መሬት ለእስላሞች መካነ መቃብር ይሁን» ይላል። ከሥሩም ግዝት አለበት፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን።» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ለታቦት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ልጆች «ጥምቀተ ባሕሩ ጠቦናል፣ የመቃብሩ መሬትም የሚካኤል ነው» ብለው ተነሡ። ወረዳው ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ልጆቹ ቤቴ መጡ። አልዛቱብኝም። ቢዝቱብኝ ይሻለኝ ነበር። ጉልበቴን ስመው «አባታችን፣ የታቦት መሬት ለእስላም የሰጠ ቄስ ተብለው በስተርጅና ስምዎ እንዳይጠፋ» አሉኝ። እኔን ያንበረከከኝ ይኸው ነው ልጄ። ዱላ አይደለም፣ ስሜ ነው።

በማግሥቱ በዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ገዳሙ የሚባል ወጣት ነው፤ የካህናት ልጅ ነውና ጨዋ ነው። «ስለ ቦታው በወንጌሉ ላይ የተጻፈ አለ ይባላል፤ ልናየው እንችላለን ወይ?» አለኝ። እኔም «ያ ወንጌል ከመቅደስ አይወጣም» አልሁ። መቅደስ ሲባል ጊዜ ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ አባ፣ አናስቸግርም» ብሎ ጻፈና ወደ ሌላው ነገር አለፈ።

የለም አላልሁም። እኮ፣ የለም አላልሁም እያልሁ ስንት ሌሊት ተገላበጥሁ መሰለሽ። አልሰረቅሁም፣ አልፋቅሁም፣ ግዝቱ አይነካኝም እያልሁ።

መጽሐፉ ግን ይወጣል ሳጂዳ። በየክብረ በዓሉ ይወጣል። ከዚያ ቀን ወር ሳይሞላ በጥምቀት ዲያቆኑ ታቅፎት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደ። ከእናትሽ መቃብር መቶ እርምጃ ላይ ቆመን ተነበበበት። አገር ምድሩ በዓይኑ አየው። አንድ ሰው እንኳ «ቄሰ ገበዝ፣ አይወጣም ያሉት መጽሐፍ ይኸው ወጣ» አላለኝም። በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ እነዚያ ልጆች ታቦቱን ሸኝተው ሲመለሱ የመቃብሩን አጥር አቃጠሉ። «መንግሥት ለእኛ ፈርዶልናል» እያሉ ነበር። ከአጥሩ ወደ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ ወደ ሱቃችሁ ሄዱ። ፍርዱን የሰጣቸው የእኔ አፍ ነው።

ለአባትሽ ስለ ኮንፈረንሱ ስጽፍለት አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ማይክ ሰጥተውኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ፍቅር ሰበክሁ። አጨበጨቡልኝ። በቴሌቪዥንም ታይቻለሁ ይሉኛል።

ይህን ብታነቢለትም ባታነቢለትም አንቺ ታውቂያለሽ።

ይታያል


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 25 ቀን 2015

አባ፣

ሰላምታ ልጽፍ ፈልጌ አልመጣልኝም። አልዋሽዎትም።

አነበብኩለት። ሰማና ወደ ግድግዳው ዞረ። «ምን ልበላቸው?» ስለው «ጉልበቱን እንዴት አደረገው በዪልኝ» አለኝ። እኔ ብግን አልኩ! ዕድሜ ልኩን የለፋበት ሱቅ አመድ ሆኖ፣ ተሰዶ በኪራይ ቤት እየሞተ፣ የእርስዎ ጉልበት ነው የሚያሳስበው። እሺ፣ ጠይቋል። እኔ አልጠይቅም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለሚያዝያ ሠላሳ የቀረው አንድ ወር ከአምስት ቀን ነው። ማዘንዎ ለአባቴ የሚተኛበት መሬት አይሆነውም። መጽሐፉን ያውጡት። እዚያው በዋሹት ሰው ፊት ይዘርጉት። አገሩ እንደሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ወታደሩም፣ ኮንፈረንሱም፣ ሁሉም። እርስዎ እንኳ እሱ ሳይሞት ይጩሁ።

ሐኪም ከልክሎት ሳለ አባቴ ተደብቆ ረመዳንን ይጾማል። እርስዎም ሁዳዴ ላይ ነዎት። አፍ ከሥጋ ከተከለከለ ከውሸትም ይከልከል እንጂ አባ።

ሳጂዳ


ዋንዛ ገበያ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2015

ልጄ ሳጂዳ፣ እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ። ዘግይቶም ቢሆን።

መጽሐፉን አወጣሁት።

ሰበካ ጉባኤውን ለመንሁ፤ «አሁን ገና በተረጋጋ አገር» ብለው ከለከሉኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን አርባ ዓመት በእኔ ወገብ ነው የኖረው። ከትንሣኤ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ጸሎት አድርሼ ወንጌሉን በመጎናጸፊያ ጠቀለልሁና በምስጋናው ባጃጅ ወደ ወረዳ ሄድሁ። ምስጋናው ያቀፍሁት ምን እንደሆነ ሲያውቅ ጫማውን አወለቀ። «ኸረ ፍሬኑን በባዶ እግርህ ልትረግጥ ነው?» ብለው «ወንጌል ተጭኖ በጫማ አልነዳም» ብሎ ሙጭጭ አለ። መንገዱን ሁሉ እግሩ በፔዳሉ ላይ ሲንሸራተት፣ ወንጌሉን ሳላሳይ ገደል እንዳንገባ ስጸልይ ደረስን። ከጥር ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገዳሙ እጁን ታጥቦ መጣ። ቅጠሉን አነበበ፣ በስልኩም ፎቶ አነሣው። ከዚያ ቀና ብሎ «አባ፣ አይወጣም ብለውኝ አልነበረም?» አለኝ። ጸሐፊዋ አይናዲስ መተየቧን ተወችና አየችኝ።

«ዋሽቼህ ነው ልጄ» አልሁት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እንዲህ ተብሎማ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም» አለ። ለምን ብለው «የሃይማኖት አባት ዋሸ ብሎ መንግሥት ቢጽፍ ሌላ ረብሻ ይነሣል። ክርስቲያኑ ይቆጣል፣ ሙስሊሙ ይቆጣል፣ እኔም ከሥራዬ እነሣለሁ» አለኝ። አለቃው ዘንድ ገብቶ ወጣ። «ሰነዱ ዘግይቶ ተገኝቷል» ተብሎ ተተየበ። አይናዲስ ወረቀቱን ስታቀርብልኝ ፈረምሁ።

ፈረምሁ ሳጂዳ! እውነቱን በተናገርሁበት በዚያው ሰዓት ውሸት ፈረምሁ። መጽሐፉን ጠፍቶ እንደ ተገኘ በግ አስመስዬ። ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ልመለስ ብዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጁ አሳዘነኝ፣ እኔም ደከመኝ። ሄድሁ።

ፋይሉ ወደ ዞን ተልኳል። ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል ብለዋል። እኔ ከገበዝነቴ ተነሥቼ ቁልፉን ለቄስ ታዲዮስ አስረክቤያለሁ። ልጆቹ መስቀሌን መሳለም ትተዋል። ይገባኛል፤ ስለዚህ አትዘኝ።

ለሐምዱ ጉልበቱ ደኅና ነው በይልኝ።

ይታያል


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 20 ቀን 2015

ለአባ ይታያል

ጤና ይስጥልኝ አባ። ዞኑ እስካሁን አልጻፈልንም። አባቴ ግን ዞኑን አልጠበቀም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ በዓይንዎ አይተዋል።

እንዴት እንደሆነ ግን አልሰሙ ይሆናል። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ። ወዲያው ለወረዳው ደወልኩ። ያ ገዳሙ የሚሉት «በጽሑፍ መፍቀድ አልችልም፤ በቃል ግን አልከለክልሽም» አለኝ። «ከዐሥር ሰው አትብለጡ። ፎቶ እንዳይነሣ። ቶሎ ቅበሩና ውጡ።» ሁለት ፖሊስ መደበልን። አንዱ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ቃሬዛውን ተሸከመልን፤ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አባቴን በተወለደበት አገር እንደ ሌባ ይዘነው ገብተን፣ እንደ ሌባ ወጣን። ግን ከእናቴ ጎን ነው። ያጠሩላትን እሾህ በእጄ ነው ያነሣሁት።

ከጅረቱ ማዶ ቆመው አየሁዎት። ጥምጣምዎን አውልቀው በእጅዎ ይዘው ነበር። እስክንጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ለምን አልተሻገሩም? ስምንት ሰው ነበርን አባ። የሁለት ሰው ቦታ ነበረ።

አሁን አደራ ላድርስ። አባቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው አጠገቡ አስቀምጦ የነገረኝ ነው። እንደ ቃሉ ነው የምጽፍልዎ፦

«ኮሚቴው ይታያልን ሲጠይቀው እኔም እዚያው ዋርካው ሥር ነበርሁ። መጽሐፉ እንደሚወጣ እንኳን እኔ የሰፈሩ ውሻም ያውቃል። አይወጣም ሲል አየሁት፤ እሱም አየኝ። ይወጣል ልል አፌን ከፈትሁ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቄሱን እንዴት ላዋርደው? የስልሳ ዓመት ጓደኛዬን! ይሉኝታ ያዘኝ። ነገ ቤቱ ሄጄ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ዋጥሁት። በማግሥቱ ሄድሁ። ስለ ውርጩ አወራን፣ ባቄላው ተመታ አልን፣ ተለያየን። እሱ ቢዋሽ እኔም ዝም ብያለሁ። በእሱ ብቻ አትፍረጂ። ይህን ንገሪው። ግን በቁሜ አትንገሪው፤ አፍራለሁ።»

አዩ አባ? እርስዎን መጥላት ቀሎልኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር እንደምጣላ ጠፋኝ።

ሳጂዳ


ዋንዛ ገበያ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015

ልጄ ሳጂዳ፣ አላህ ያጽናሽ።

ለምን አልተሻገሩም ላልሽኝ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ሰበብ አይሆነኝም። አፍሬ ነው። በቁሙ ያለን ሰው ማፈርስ ለምጄዋለሁ። ሐምዱን ግን ተገንዞም አፈርሁት።

አባትሽ ያለሽ እውነት ነው። አየኝ፣ አየሁት። አፉን ሲከፍት «ተናገር ሐምዱ፣ አውጣኝ» አልሁ በሆዴ። ሲዘጋው ደግሞ «ተመስገን» አልሁ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ስልኩን ያላነሣሁት ጆሮዬ ደክሞ አይደለም፤ ያችን ተመስገን ሰምቶብኝ ይሆን እያልሁ ነው። በማግሥቱም መጥቶ ነበር። ለምን እንደ መጣ እያወቅሁ የባቄላውን ነገር ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። ያለ ጥፋቱ እንዳታዝኝበት።

ዛሬ የሰኔ ሚካኤል ነው። ወረዳው ያልጻፈውን እኔ ትናንት በወንጌሉ ቅጠል ላይ፣ ከአባቴ ጽሕፈት ሥር ጻፍሁት። ቄስ ታዲዮስ ቀለሙን ያዘልኝ። ዛሬ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እንደ ቆመ መጽሐፉን ተቀብዬ አነበብሁላቸው። ከምንጣፍ አንጣፊዎቹ አንዱ «ይበቃል አባ፣ አገር ያያል» አለኝ። «አገር እንዲያይማ ነው» አልሁት። አንዳንዱ ጥሎኝ ወጣ። ብዙው ግን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እልል ያለ የለም፣ የተሳደበም የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ጅረቱን ተሻገርሁ። አፈሩ ገና አልጠጠረም። እዚያው ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ውርጭ የለም አልሁት፣ ዘንድሮ ባቄላው በጊዜው ተዘራ አልሁት፤ ከዚያ ያልነገርሁትን ነገርሁት።

የጻፍሁትን ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ለዞኑ ስጪው። ቢቀበሉም ባይቀበሉም መጽሐፉ ላይ አለ፤ በየበዓሉም ይወጣል። እንዲህ ይላል፦

«ከዚህ በላይ በ1958 ዓመተ ምሕረት የተጻፈው ቃል እውነት ነው። እኔ ገበዝ የነበርሁ ይታያል ወልደ አካለ ወልድ፣ ይህ መጽሐፍ ከመቅደስ አይወጣም ብዬ በሐሰት ደበቅሁት። በእኔ ውሸት መካነ መቃብሩ ተወሰደ፣ መስጊዱ ነደደ፣ ወንድሜ ሐምዱ ወልደ አብዱልአሊም ከአገሩ ተሰደደ፤ በሬሳው ተመለሰ። የአባቴ ግዝት የሰረቀውንና የፋቀውን ብቻ ይላል። እኔ ልጁ አንድ ጨመርሁበት፤ ወዘኀብኦ። የደበቀውም።»